ለሁለት የተከፈለው ኪቦርድ

ገረሴ ከተማ ላለሽው ልጄ

እንደምን ከርመሻል? የደጋው ብርድ እንዴት ያደርግሻል? የእጅሽ አንጓስ ተሻለው? አባትሽና እናትሽ ደኅና ናቸው? እኔ ጌታ ይመስገን አለሁ። ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ባልሽ ካሌብ እጅሽን ካርቶን ላይ አስዘርግቶ በእርሳስ ሲያዞርብሽ፣ "ጓንት ልትሰፋልኝ ነው?" ብለሽ እንደ ሳቅሽበት ትዝ ይልሻል? ልኩን የወሰደው ለኮምፒውተር ኪቦርድ ነበር። ከቢሮ አንጓሽን እያሸሽ ስትገቢ አያስችለውም ነበር። አርባ ምንጭ ያሉትን ሱቆች ቢዞር ለትንሽ እጅ የሚሆን አጣ፤ በመጨረሻ ደግነት የሚባል ባለሱቅ ከአዲስ አበባ አዘዘለት። ዕቃው የደረሰው ግን ካምባ መንገድ ላይ እሱ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ልጄን ካጣሁ፣ የለቅሶው ድንኳን ከተነሣ በኋላ ነው።

ስከፍተው ለሁለት የተሰበረ መሰለኝ። ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ አንድ ላይ አሰርኩትና ደግነት ጋ ሄጄ፣ "ለሞተ ሰው ስባሪ ትሰጣላችሁ?" ብዬ ጮኽኩበት። ሊስቅ ነበር፤ ጥቁር ልብሴን ሲያይ ዋጠው። አሠራሩ እንዲህ ለሁለት የተከፈለ ነው ቢለኝም አላመንኩትም።

ያሳመነችኝ የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ አቢጋኤል ናት። "እማማ፣ ይፍቱት እንጂ! የገበያ በግ አስመሰሉት" ብላ ሳቀችብኝ። ግማሹን በቀኝ ትከሻዬ፣ ግማሹን በግራ ትከሻዬ ትይዩ አስቀምጣ ይሞክሩት አለችኝ። መጀመሪያ ጣቶቼ መንገድ ጠፋቸው። ሳላውቀው አጠጋጋዋለሁ፣ እሷ መልሳ ታራርቀዋለች። በኋላ ገባኝ፤ ጥጥ ስፈትልስ ሁለቱ እጆቼ መቼ ተጣብቀው ያውቃሉ? ክሩ የሚወጣው ሲራራቁ ነው። አንቺንም መጀመሪያ ይከብድሻል፣ ቶሎ አትጥዪው።

እስካሁን እኔ ጋ የቆየው ስለሳሳሁለት ነው። የእሱ እጅ የመረጠው የመጨረሻ ነገር ነውና።

ሌላም ነገር ሰማሁ። ሽማግሌዎች አባትሽ ደጅ መጥተው፣ "የካሌብ እናት ጥቁሯን ሳታወልቅ እኔ ነጭ አልለብስም" ብለሽ መለስሻቸው አሉ። ሊያገባሽ የላካቸው ሰውዬ ደግ አስተማሪ ነው ይላሉ። ልጄ፣ እኔ ጥቁሩን አውልቄዋለሁ። ዳግመኛ ሲመጡ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው።

ጌታ እጅሽን ይፈውስልሽ፣ ቤትሽን ይሥራልሽ። ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ።

ኪቦርዱን አቢጋኤል ለጉባኤ ስትመጣ ትሰጥሻለች። የታሰረበትን ጨርቅ እኔ ጋ አስቀርቼዋለሁ። ስለ ልብሴ ቀለም ግን አትጠይቂያት፤ ለጉባኤው ትቸኩላለች።

ምንጊዜም እናትሽ፣
የካሌብ እናት