መተንፈሻዋን ስለደፈናችሁባት የሎሪስ ሞተር

ለተከበሩ ሲኞር ኤርሜስ ታባኔሊ
የሕንጻችን አስተዳዳሪ
ፋዬንዛ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በፍጹም ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልቤ እመኛለሁ፤ በተለይም ደረትዎ ክፍት፣ ትንፋሽዎም ያላጠረ ይሁንልኝ። አሳንሰሩ አጠገብ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳፈር ብዬ አይደለም፤ እርስዎም የሚለጥፉት እዚያው ስለሆነ ነው።

እኔ የሦስተኛው ፎቅ ኒቬስ ካሳዴይ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ሎሪስ ታሞ ከተራራው ማዶ ያለው ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ሞተር ሳይክሉን ግቢያችን ውስጥ ስጠብቅለት ከርሜአለሁ። ቅሬታዬ ሦስት ነው፤ ምስጋናዬም የዚያኑ ያህል ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጠብታው። ጎረቤታችን ሲኞራ ቴያ ቤንዚን ሸተተኝ ብለው ሕንጻውን ሁሉ ለስብሰባ ስለጠሩ አመሰግናለሁ፤ አፍንጫቸውን ያቆይላቸው። በዚያ ስብሰባ ላይ፣ የሰማኝ ባይኖርም፣ ሁሉን አስረድቼ ነበር። ከሞተሯ ስር ነጭ ወረቀት አንጥፌ፣ የነዳጅ መስመሩን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ በጨርቅ ጠርጌ አይቻለሁ፤ ሁሉም ደረቅ ናቸው። የሚንጠባጠበው ከታንኩ አፍ ወርዶ ከኋላ ጎማው አጠገብ በሚያበቃው ቀጭን ቱቦ ጫፍ ብቻ ነው፤ ያም ታንኩ እስከ አፉ ተሞልቶ የቀትር ፀሐይ ሲያገኘው ነው። ቤንዚን ሲሞቅ ቦታ ይጠበዋል፣ ትርፉ በዚያ ይወጣል። ታንኩ አየር የሚያገኘውም በዚያው ቱቦ ነው፤ በሽታ አይደለም። እስከ አፉ የሞላኋት ሎሪስ በጠራኝ ሰዓት ማደያ ሳልቆም እንድነሳ ነው፤ ከእንግዲህ ጥላ ስር አቆማታለሁ አልኳችሁ። የምድር ቤቱ ሲኞር ኦሪያኖ “ኧረ ጉድ፣ እሷ ደግሞ ኢንጂነር ሆናብን አረፈችው!” ሲሉ ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ሁለተኛ፣ ስለ እልባቱ። “አስፈላጊው እርምጃ ይወሰድ” ተብሎ አሥራ አንድ እጅ ወጣ፣ በተቃውሞ የእኔ ብቻ። ረቡዕ ጠዋት “የጠብታው ችግር ሙሉ በሙሉ ተቀርፏል” የሚል ማስታወቂያዎን አነበብኩ። እንዴት እንደተቀረፈ ግን ለመጻፍ ጊዜ አላገኙም። እኔ ሞኟ ጥላው ሠራ ብዬ ደስ አለኝ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ሎሪስ ደወለ። ድምፁ አልቋል። “ኒቪ፣ ሞተሬን አምጪልኝ። መስኮቴ ስር አቁመሽ አስነሻት፣ አንዴ ልስማት” አለኝ። መጣሁ ወንድምዬ፣ አንድ ሰዓት ታገሠኝ አልኩት።

የብሪሲጌላን ከተማ እንዳለፍኩ ሞተሯ አቅም አጥታ ጠፋች። ባትሪ ነው ብዬ አየሁ፣ ደህና ነው። ፓምፑ ነው ብዬ ጆሮዬን ደገንኩ፣ ይሠራል። ሩብ ሰዓት ያህል አርፋ ተነሳች፤ ጥቂት ሄዳ ደግማ ጠፋች። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠፋ ማራዲ ከተማ መግቢያ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በአራተኛው፣ ዳገቱ መሃል፣ የታንኩን ክዳን ስከፍት አየር ስቦ ሲያፏጭ ሰማሁት፤ ያኔ ገባኝ። ቱቦውን በጣቴ ተከትዬ ወረድኩ። ጫፉ ላይ ብሎን ተሰክቶ፣ በላዩ ፕላስተር ተጠቅልሎበታል። ቤንዚኑ በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር ካልገባ ታንኩ ይታፈናል፤ ፓምፑ ቢስብ ቢስብ የሚመጣለት የለም። ስታርፍ የምትነሳው በክዳኑ ዙሪያ ትንሽ አየር ሾልኮ ስለሚገባ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሞተር የነዳሁ ሴት ክዳኑን በመጀመሪያው ላይ መክፈት ነበረብኝ፤ አልከፈትኩም። እርስዎን ብቻ እንደማልወቅስ ይወቁልኝ፤ ለራሴም ይቅርታ የለኝም።

ብሎኑን ነቅዬ ስነሳ አንዴም ሳታስቸግረኝ አደረሰችኝ።

ሦስተኛ፣ ሎሪስ በግማሽ ሰዓት ቀድሞኝ ሄደ።

አጠገቡ የነበረችው ነርስ እንደነገረችኝ፣ መስኮቱን አስከፍቶ በመንገዱ ሞተር ባለፈ ቁጥር “እሷ ናት?” ይላት ነበር። “አይ፣ ግን ትመጣለች” ስትለው፣ “ኒቪ እኮ መጣሁ ካለች ቀርታ አታውቅም” አላት። ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ የተቆረጠው እዚህ ላይ ነው። ወንድሜ የጠየቀኝ የአንድ ደቂቃ ነገር ነበር፤ እሷንም አላደረስኩለትም። “ቀረች” ብሎ እንዳይሆን የሞተው እያልኩ ቀንም ማታም አስባለሁ።

ግቢያችን ግን ይኸው ደርቋል፣ አንዲት ጠብታ የለችበትም። ስለዚህ ውብ ንጽሕና እርስዎንና አሥራ አንዱን ጎረቤቶቼን ከልብ አመሰግናለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ሳምባና እንቅልፍ የማይነሣ ሕሊና እየተመኘሁ፣ በጥልቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ፤

ብቻዋን የተቃወመችው ጎረቤትዎ
ኒቬስ ካሳዴይ

ሳልረሳው፦ በሚቀጥለው ስብሰባ ለሎሪስ አበባ ይላክ ወይስ አይላክ በሚለው ላይ እጅ እንደሚወጣ ሰምቻለሁ፤ እባካችሁ አትድከሙ። እሑድ ከቀትር በኋላ ሞተሯን ግቢው መሃል አስነስቼ ቤንዚኗ እስኪያልቅ አቆያታለሁ። ሽታው የሚያስቸግረው ካለ መስኮቱን መዝጋት ይችላል። የሎሪስን መስኮት ነርሷ የዘጋችው ከሞተ በኋላ ነው።