በደረቁ የተጠረገው ክፍልሽ

ከዓይኔ ለራቅሽው፣ ከሆዴ ላልወጣሽው ልጄ፤ እንደምን ሰነበትሽልን? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

ለበጋ እመጣለሁ ብትዪኝ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ፣ ሦስት ዓመት ተዘግቶ የከረመውን ክፍልሽን ከፈትኩት። አይጥ አልጋሽ ሥር ወልዳ ከብዳ ጠበቀችኝ። ጉዷን ጠራርጌ ስጨርስ እናትሽ ደረሰች።

«ነርሷ ልጅህ ምን ነበር ያለችህ? የአይጥ ኩስ በደረቁ አይጠረግም፣ በውስጡ ያለው ቫይረስ ከአቧራው ጋር ሳንባ ይገባል፤ መጀመሪያ መስኮት ከፍተህ በረኪና አርከፍክፍበት አላለችህም?» አለችኝ።

«አርባ ዓመት የእንጨት ብናኝ የቃመ አናጢ አይጥ ሊፈራ ነው?» ብዬ ሳቅኩባት። በረኪናውን ግን በማግስቱ ገዛሁ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆነ። አዲስ ቁም ሣጥን ጀምሬልሽ ነበር፤ ወገቤንና ጭኔን ሲቆረጥመኝ አቆምኩት። እናትሽ ግንባሬን በነካች ቁጥር «ፀሐይ ላይ ውዬ ነው» እላታለሁ። ደግሞ አንድ ጎረቤት «ያ የአይጥ በሽታ በስንት ሳምንት ይታያል? ሐኪም ቤትስ መቼ ነው የሚኬደው?» ብለህ ጠይቅልኝ ብሎኛል። መልሱን በእኔ ስም ላኪለት፤ እናትሽ እንዳትከፍተው።

ክፍልሽ አሁን ንጹሕ ነው። ፈቃድ ከሰጡሽ በጋውን አትጠብቂ።

ጤናውን ለአንቺ ያድልልኝ፤ ለእኔ እስክትደርሺ የሚሆን ዕድሜ ይበቃኛል።

አባትሽ