አንድ ፍሬን ነበረው

ታደለዬ፣

ካንተ ከተለየሁ አምስተኛው ክረምት ገባ። አንተ ላለህበት አገር ሰው ደኅና ነህ ወይ ተብሎ አይጻፍምና አልጠይቅህም። እኔ ደኅና ነኝ። ቤዛም ደኅና ናት። ቁመቷ እኔን አልፏል፤ አንተ ላይ ለመድረስ ትንሽ ነው የቀራት። ስትናደድ እንዳንተው ከንፈሯን በአንድ ጎን ትነክሳለች እንጂ አትናገርም። ከእኔ የወረሰችው ዝምታውን ነው መሰለኝ፤ ንክሻው ያንተ ነው።

ቤታችን ግን የለም። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው ግቢ በሙሉ ፈረሰ። ጣሪያው ሲነሣ ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን ጋዜጣ ፀሐይ መታው። እኔ ፊደል የለየሁበት ግድግዳ ነው፤ አልጋው ላይ ጋደም ብዬ ርዕሱን ከሥዕሉ ጋር እያስተያየሁ። አፍራሾቹ በድጅኖ ሲገፉት ከነጭቃው ተንዶ ወደቀ። አሁን ከከተማው ጠርዝ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ውኃ በፈረቃ ነው። ጎረቤቴን በስሟ አላውቃትም፤ እሷም እኔን «ባለ ሳይክሏ» ነው የምትለኝ አሉ፤ ሳይክልህ በረንዳው ላይ ስለሚታያት።

ያ ሳይክል የልጅ ሳይክል ነው ተብሎ ስንት እንደተሳቀብህ ታስታውሳለህ። ጎማው ትንሽ፣ ኮርቻው ዝቅ ያለ፣ ጭቃ መከላከያ የለው፣ ዕቃ መጫኛ የለው። ጋሽ ወልዴ እንኳ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ የእድራችን ዳኛ ሆነው፣ በመንገድ ባገኙህ ቁጥር፦ «ታደለ፣ ሳይክልህ መቼ ነው የሚያድገው?» ይሉህ ነበር። አንተ ባርኔጣህን አንሥተህ ትስቃለህ። እኔ ግን ያኔም አልሳቅሁም።

ስሙን ያገኘንለት አብረን ነው። ለሳይክል መጠገኛ ሱቅህ ከመርካቶ አሮጌ ዕቃ ስታመጣ ኩሽኔታው፣ ሰንሰለቱ፣ ፔዳሉ በውጭ መጽሔት ገጽ ተጠቅልሎ ይመጣ ነበር። ወረቀቱን እንዳትጥል ያልኩህ እኔ ነኝ። ዘይቱን በአመድ አስመጥጬ፣ ፍራሽ ሥር አስተኝቼ፣ በቤዛ የትምህርት ቤት መዝገበ ቃላት አንድ አንድ እያልኩ እፈታው ነበር። ቢኤምኤክስ ይባላል አልኩህ። ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ ክራንክ ነው፤ ጥምዙ ላይ ውጪው ጠርዝ በአፈር ከፍ ሲል በርም ይባላል፤ ተወዳዳሪዎቹ ተሰልፈው የሚጠብቁት፣ ወደፊት የሚወድቀው በር ጌት ነው አልኩህ። ዕቃውንማ እጅህ ድሮም ያውቀው ነበር፤ ስሙን ነው ከእኔ የወሰድከው። «ሆልሾት» የሚለውን መዝገበ ቃላቱ አላወቀውም። የተበሳ ጎማ መስሎን፣ አንድ ክረምት ሙሉ ከመነዳሪ በለጠፍክ ቁጥር «ዛሬም ሆልሾት መጣልኝ» ትል ነበር። በኋላ ሥዕሉ ያለበት ገጽ መጣና የመጀመሪያውን ጥምዝ ከሁሉ ቀድሞ መያዝ መሆኑን ስናውቅ፣ እንባህ እስኪመጣ ሳቅህ። ከዚያ በኋላ ያን ያህል ስትስቅ ያየሁህ አይመስለኝም።

ካዛንቺስ ቤቶቹ ፈርሰው ባዶውን የተቀመጠው ቦታ ላይ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሰፈሩን ጎረምሶች ሰብስበህ አፈር ታስቆልል ነበር። ጌቱን ከፈረሰ ቤት በወሰድከው የቆርቆሮ በር ሠራኸው። ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ውሾቹን ሁሉ ያስጮኻል። እዚያ ያስተማርከው የመጀመሪያ ነገር ግን መዝለል አልነበረም። መቆም ነበር። በኖራ መሥመር አሥምረህ፣ ከቁልቁለቱ እየበረሩ መጥተው መሥመሩ ላይ ቀጥ የማይሉትን ወደ ጌቱ አታስጠጋቸውም። እንዴት ይሰለቹ እንደነበር። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ፣ በእነዚያ እሑዶች ያየሁት ሁሉ ፍሬን የሚይዝ ሰው ብቻ ነበር።

ይህን የምጽፍልህ አንተ ረስተኸው አይደለም። ዓለሙ ሁሉ ሌላ ነገር ስላለ ነው።

የእሽቅድምድም ቢኤምኤክስ ፍሬኑ አንድ ብቻ ነው፤ የኋላው። የፊት የለውም፤ እንዲኖረውም ተብሎ አልተሠራም። ከጉብታ ላይ ዘሎ ሲያርፍ የፊቱን የያዘ ሰው በመሪው ላይ ይገለበጣል፤ ገጹ ላይ እንዲያ ነበር የሚለው፤ አንተም በትከሻህ ታውቀዋለህ። ያቺን አንዷን ፍሬን ደግሞ እንደ ዓይንህ ብሌን ነበር የምታያት። ሰንሰለት የቆረጠው ሌባ ጣትህ አጭር ስለሆነ፣ እጀታዋን በመዶሻ አጉብጠህ ወደ አንተ አቀረብካት፤ በቀይ ፕላስተር ጠቀለልካት። ከአዲስ አበባ ሳይክል ሁሉ መካከል ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ የማውቃት እሷን ነው።

ካዛንቺስ ቁልቁለቱ ታች፣ መታጠፊያው ላይ ሚኒባሱ ሲመታህ ቆመህ ነበር። አንድ እግርህን መሬት አሳርፈህ መኪና ታሳልፍ ነበር። ጥጉ ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ አይታለች። ሹፌሩ ግን ከላይ ፍሬን በሌለው ሳይክል ተወርውሮ መጥቶ ገባብኝ አለ።

የሹፌሩ ወገን ለይቅርታ የላካቸው ሽማግሌዎች ማለዳ መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። እሺ ካላልሽ አንገባም አሉ። ጋሽ ወልዴ በእኔ በኩል ሆኑ። ይቅር ማለቱ እንደማያቅተኝ ነገርኳቸው፤ የዚያ ወጣት ሹፌር እናት ደጄ ላይ ስትንበረከክ አይቼ እንዴት ያቅተኛል? የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። ከይቅርታው በፊት ቆሞ እንደነበር ይነገር። ባለቤቴ በገዛ እጁ ሞተ ተብሎ አይቅር አልኩ። ጋሽ ወልዴ አሰቡና፣ ሳይክሉ ይታይ፣ ፍሬን ካለው ቃልሽ ይጸናል አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ታደለ። ያን ቀን ከሞትክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ጣመኝ።

ሳይክልህ ፖሊስ ግቢ ነበር። እንዲያመጣው ለንጉሤ ላክሁለት፤ አብሮህ ያደገው፣ አንድ ሱቅ ውስጥ አብሮህ የሠራው ንጉሤ። መልእክቱ የደረሰው ሳይክሉን ጋሽ ወልዴ ግቢ አድርስ ተብሎ ብቻ ነው። አርባህ ቀርቦ ስለነበር፣ እንደ ድሮ ሰው ፈረስና ጋሻ፣ ዕቃህ ለቅሶ ላይ ሊታይ ነው ብሎ ገመተ። ስለዚህ አጠበው። ቸርኬውን በጨርቅ አብለጨለጨው። መሪው ላይ ጥቁር ጥብጣብ አሰረ። በር ላይ አስደግፎት፣ ደንበኛ ስለሚጠብቀው ተቻኩሎ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ ከበቡት። ጋሽ ወልዴ ጎንበስ ብለው መሪውን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ የኋላውን ጎማ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ልክ ጠላ እንደጎመዘዘው ሰው ነበር።

«አልማዝ ልጄ፣ ይሄ እኮ ጭራሽ ፍሬን የለውም።»

ሄጄ አየሁት። እጀታዋ የለችም። ሽቦው የለም። ቸርኬውን የሚነክሱት ሁለቱ የፍሬን ጎማዎች የሉም። እጀታዋ የታሰረችበት ቦታ ግን ቀለሙ ቀለበት እንደወለቀበት ጣት ነጥቶ ነበር። እዚህ ነበረች አልኩ፤ ምልክቷን አሳየኋቸው። የፊት እንደሌለው፣ የኋላ ግን እንደነበረው፣ ለምን አንድ ብቻ እንደሚሆን፣ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተናግሬ አላውቅም። ሐዘን ነው፣ ያናግራል ተባባሉ። አንዱ ውኃ ስጧት አለ። ስለ ቆሎ ሻጯ ሳነሣ አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ አላስጠሯትም። ከዚያ ሹፌሩ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ፤ ጉልበቴን ሳመ፤ ይቅር አልኩ። አንተ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፍሬን አልባው ታደለ» ሆንክ። ልጆች እርስ በርስ ሲሰዳደቡ እንኳ እንዴት እንደ ታደለ ትሄዳለህ ይባባሉ ነበር። ቤዛ እየሰማች አደገች።

ፍሬኗን ፖሊስ ግቢ ያለ ሰው ሰርቋል ብዬ አመንኩ። በግቢው በር ባለፍኩ ቁጥር ስረግም ዓመታት ሄዱ።

ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ንጉሤ ሱቁን ወደ ላንቻ ወሰደ። እዚያም ሳይክል ያከራያል። አንድ ቀን ቤዛ ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ መጣች። ምን ሆነሽ ብላት እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ከሚከራዩት አንዱ ላይ ቀይ ፕላስተር አየሁ። ነካሁት። በመዶሻ የጎበጠችው ቦታ ላይ ጣቴ ገባ።

ንጉሤ አልደነገጠም። የጠየቅሁትን የመለሰልኝ ወንበር እየሰጠኝ ነው።

«አዎ፣ የሱ ናት። ሳይክሉን ጋሽ ወልዴ ግቢ ባደረስኩ ቀን ፍሬን የጎደለው ደንበኛ ሳይክሉን አጋድሞ ይጠብቀኝ ነበር። እሱ ራሱ አይደል እንዴ ያስተማረኝ፤ የቆመ የሚሄደውን ያበላል።»

ያንተ ቃል ነው። ሱቃችሁ ውስጥ ሙሉ የሆነ ሳይክል መቼ ነበር? ባለቤቱ ያልመጣለትን ትፈቱና ለሚጠብቀው ትሰጡት ነበር። ልብስ መስቀያችን መሪ፣ የበራችን እጀታ የፔዳል ክንድ ነበር። በዚያች ቃል ስንኮራ ኖረናል። በመጨረሻ አንተን በላች። በዚህ ተቀይሜሃለሁ፣ ታደለ። ለማንም ያላልኩትን ላንተ ልበለው፤ ከሹፌሩ ይልቅ በዚያች ቃልህ ነው የተቀየምኩት።

ጋሽ ወልዴ ግቢ የሆነውን ስነግረው ንጉሤ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ሰው ፍሬን የለውም ሲል የፊቱን እያለ መስሎት ኖሯል፤ እንዲያውም ቢኤምኤክስ የፊት የለውም ብሎ ስላንተ ሲከራከር የከረመ እሱ ነው። ከዚያ ቁልፍ አንሥቶ፣ ተከራዩ እያየው፣ እጀታዋን ፈታ፤ ሽቦውን፣ ሁለቱንም ጎማዎች፣ ብሎኑን ሳይቀር በጨርቅ ቋጥሮ ሰጠኝ። ሽማግሌዎቹ ጋ እንሂድ፣ በአፌ ልናገር አለኝ።

የት እንሂድ? ጋሽ ወልዴ ከሞቱ ከረሙ። ሌሎቹ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ኮንዶሚኒየም ተበትነዋል፤ እድሩም ፈርሷል። ቆሎ ሻጯ ጥጉ በቆርቆሮ ከታጠረ ወዲህ አልታየችም። ሹፌሩ በሌላ መሥመር ይሠራል አሉኝ፤ ይቅር የተባለ ሰው ነው፣ ምን ብዬ ልቀስቅሰው። ስድቡ ከሰፈሩ ሰው ጋር በየአቅጣጫው ሄዷል። ማስተባበያው እኔ ዘንድ፣ ጨርቅ ውስጥ ነው።

ፍሬኗን ያሰርኳት በራሴ እጅ ነው። ሽቦውን ስወጥር አልቀለለኝም፤ ሁለቱ ጎማዎች ቸርኬውን እኩል እስኪነክሱ ሦስት ጊዜ ፈታሁ። ካንተ ሞት ወዲህ ከዚህ ሳይክል ላይ ፔዳሉን፣ ኩሽኔታውን፣ ለመታሰቢያ እያሉ የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። ለአንዱም አልሰጠሁም። ቆሞም ቢሆን ማንንም አያበላም።

ያለፈው እሑድ ቤዛ ካዛንቺስ ይዛው ወጣች። አፈር ያስቆለልክበት ቦታ ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ቆሟል፤ በርሙም ጌቱም ከመሠረቱ ሥር ነው። እኔ ታች መታጠፊያው ላይ ጠበቅኋት። ልጅህ ቁልቁለቱን ስትበር ልቤ ቆመ፤ አልዋሽህም። ጥጉ ላይ ስትደርስ ያቺን የጎበጠች እጀታ ጨበጠች። የኋላ ጎማው ጮኸና ቀጥ አለች። አንድ እግሯን መሬት አሳረፈች፤ ልክ አንተ ባሳረፍክበት። የፎቁ ዘበኛ መጥቶ እዚህ መቆም ክልክል ነው፣ ሂጂ አላት። አልሄደችም። ከንፈሯን ነክሳ፣ መኪናው ሁሉ እስኪያልፍ ቆመች።

ሰፈር የለኝም፤ ሽማግሌ የለኝም፤ ሰምቶ አዎ የሚለኝ ሰው የለኝም። እኔ ግን እስካለሁ እንዳልረሳው፣ ሰው ባነሣው ቁጥርም ዝም እንዳልል ቃሌ ይኸው። ከእኔ በኋላ ቤዛ አለች። ሳይክልህ አንድ ፍሬን ነበረው፤ ይይዝም ነበር። ቆመህ ነበር፣ ታደለ።

ሚስትህ
አልማዝ