ስለ አቆስጣዎቹ እንቅልፍ፣ ለኤልቪዮ

ፑንታ ሮሃ፣ ቫልዴስ
እሑድ፣ ኦክቶበር 14፣ 2012

ለምወድህ ልጄ ለኤልቪዮ፣

እንደምን ከርመሃል? ባሕሩስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልህ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነው። ትሬሌው ከተማ ያለችው ሐኪም ከምሳ በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት እንድጋደም አዛብኝ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም። ፀሐይ አልጋ ላይ አግኝታኝ አታውቅም እያልኩ ስመጻደቅብህ የኖርኩት ሰውዬ ይኸውና ተዘርሬልሃለሁ። መሳቅ ከፈለግህ ሳቅ፣ መብትህ ነው።

መደወል እችል ነበር። መንገዱ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ስልክ ይሠራል፤ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ቁጥርህን ከመታሁ በኋላ ዘግቼዋለሁ። ስልክ ስይዝ በግ የምነዳ ይመስል ድምፄ ትዕዛዝ ትዕዛዝ ይላል። ወረቀት ግን ይሻላል፤ ሰው ያበላሸውን ሰርዞ እንደገና መጀመር ይችላል። ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው።

በጎቹ ደህና ናቸው። ሸላቾቹ በሚቀጥለው ወር ይመጣሉ። ውሻችን ቻስካ አርጅታ ጥንቸል እያየች እንኳ መነሳት ትታለች፤ ጅራቷን አንዴ ትወዘውዝና ትተወዋለች። ጎረቤታችን ጎዮ ከአጥር ላይ ወድቆ ክንዱ ወልቆ ነበር፣ አሁን ድኗል፤ ምላሱ ግን ምንም አልሆነችም። ነፋሱ የጓዳውን ቆርቆሮ ገንጥሎ ወስዶት ነበር፣ መልሼ መታሁት።

ዙሪያ ጥምጥም እየሄድኩ እንደሆነ ገብቶሃል። ልግባበት።

በጃንዋሪ ማሪኤላ፣ ያቺ የባሕር እንስሳት አጥኚዋ፣ የሰጠችኝን ሥራ ታስታውሳለህ። ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጬ በየሩብ ሰዓቱ በመነጽር እያየሁ፣ ከባሕር ወጥተው አሸዋው ላይ የሚጋደሙት፣ ጎናቸው ላይ በፀጉር ቀለም ቁጥር የተጻፈባቸው ወፍራሞቹ አቆስጣዎች ምን እንደሚያደርጉ መመዝገብ ነበር። ወረቀቱ ሦስት ዓምድ ነበረው፦ እረፍት፣ ምግብ ፍለጋ፣ ጉዞ። ወቅቱ ቆዳቸውን የሚቀይሩበት ነው። የላያቸው ቆዳ እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ እየተቀደደ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተዘርረው ሲያንኮራፉ ይውላሉ። እኔም እረፍት፣ እረፍት፣ እረፍት እያልኩ ጭረት ስጭር እውላለሁ።

«ማሪኤላ፣ ሁለቱን ዓምዶች በከንቱ ነው ያሰመርሻቸው» አልኳት አንድ ቀን። «እግዜር ከፈጠረው ሁሉ እንደነዚህ ሰነፍ የለም።»

«እርስዎ ያዩትን ብቻ ይጻፉልኝ ዶን ኒካሲዮ» አለችኝ።

ያየሁትን ጻፍኩ። ክፋቱ ቤት ስገባም መጻፌን አለማቆሜ ነው።

አንተ ያን ሰሞን ሃምሳ ቀን በዓሣ መርከብ ባሕር ላይ ከርመህ ለሁለት ሳምንት መጥተህ ነበር። ከገባህበት ሰዓት ጀምሮ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ተኛህ። አጥሩ ወድቋል፣ የውሃ መሳቢያው መዘውር ቅባት አጥቶ ይጮሃል፣ እኔ እወጣለሁ እገባለሁ፣ አንተ ተኝተሃል። ተናደድኩ። ከማሪኤላ ወረቀቶች አንዱን መዝዤ ከላይ «ኤልቪዮ» ብዬ ጻፍኩበት። ይህን ሳስበው ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

እሑድ ጠቦት አርጄ ጎረቤቶቹን ስጠራ ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር።

«ስሙማ ጎበዝ!» አልኩ ስጋው እሳት ላይ እያለ። «አቆስጣ ያለው ገደሉ ሥር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፦ እረፍት። አራት ሰዓት፦ እረፍት። ሰባት ሰዓት፦ ምግብ ፍለጋ፣ እስከ ምድጃው ድረስ። ስምንት ሰዓት፦ ጉዞ፣ ወደ ሽንት ቤት።»

ጎዮ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ቆዳውስ? መላጥ ጀምሯል ወይ?» አለ።

በሩ ላይ ቆመህ ኖሯል።

«ጨረስክ አባባ?» አልከኝ።

«የት ጨርሼ! ገና ማክሰኞ አልገባሁም።» ሁሉም እንደገና ሳቁ።

«የዚያኛውንስ፣ የሃምሳውን ቀን ወረቀት ማን ሊሞላልኝ ነው?» አልክ። ድምፅህን እንኳ ከፍ አላደረግህም። ቦርሳህን አንጠልጥለህ ወጣህ፣ ስጋውንም አልቀመስክም። ከዚያ ወዲህ መርከብህ ሦስት ጊዜ ራውሰን ወደብ ገብታለች፤ አንተ ግን ወደዚህ ብቅ አላልክም። እኔም ይመጣል፣ የት ይደርሳል እያልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቆየሁ።

በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ማሪኤላ የአንዷ አቆስጣ አናት ላይ መመዝገቢያ መሣሪያ ልታጣብቅ ስትመርጥ፣ «አርባ አንድ ቁጥርን ያዢ፣ የሰነፎች ንግሥት እሷ ናት» ያልኳት እኔ ነኝ። በማግስቱ አርባ አንድ ሆዷን እየጎተተች ባሕር ገባች። ባለፈው ወር ተመልሳ እዚሁ አሸዋችን ላይ ወለደች። ማሪኤላ መሣሪያውን ፈትታ፣ ኮምፒውተሯን ይዛ ማድ ቤት ገባች። ማቴ ሻይ አፍልቼ እየተቀባበልን ነበር የጠጣነው።

«ሰነፍዎ የት ከርማ እንደመጣች ይመልከቱ» አለችኝ።

የጉዞዋ መስመር ካርታው ላይ ከእኛ ዳርቻ ተነስቶ ጥልቁ ባሕር ድረስ ይሄድና እዚያ ይተራመሳል። ሰባት ወር ተኩል ሙሉ አንድም ቀን መሬት አልነካችም አለችኝ።

«ታዲያ የት ነው የምታርፈው?»

ሌላ ሥዕል አወጣች። ከላይ ወደ ታች የሚወርዱና የሚወጡ መስመሮች ናቸው፣ እንደ አጥር እንጨት የተደረደሩ። «እያንዳንዱ አንድ መጥለቅ ነው። ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ትጠልቃለች፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ወጥታ ትተነፍሳለች፣ ትመለሳለች። ወይ ወደ ምግብ እየተጓዘች ነው፣ ወይ ምግብ እየፈለገች ነው። ፀሐይ ወጣች ጠለቀች የለም።»

«ይቺ ዘንበል ያለችውስ?»

«እሷ እንቅልፏ ናት። ጥልቁ ውስጥ መዋኘቷን ታቆምና በጀርባዋ ተንጋላ፣ እንደ ቅጠል እየተሽከረከረች ወደ ታች ትወርዳለች። ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ ትነቃና ወደ ሥራዋ።»

«እየሰመጠች ነው የምትተኛው?»

«እየሰመጠች ነው የምትተኛው ዶን ኒካሲዮ።»

ማቴው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ሳልከድን ያደርኩትን ሌሊት ሁሉ ብነግርህ ምን ያደርግልሃል። ገደል ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያየው እረፍቷን ብቻ ነው፤ ሥራዋን ውሃው ይሸፍነዋል። እኔ ደግሞ በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ ገደል ላይ ተቀምጬ በልጄ ላይ ፈረድኩ።

ባለፈው ማክሰኞ መርከብህ መቼ እንደምትገባ ለመጠየቅ ራውሰን ሄድኩ። ወደቡ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ‹እዚያ ያውቁልዎታል› ብለው የአንድ የሥራ ባልደረባህን ቤት ጠቆሙኝ። በሩን የከፈተችው ኖርማ ነበረች፣ የባልደረባህ የሳንድሮ ሚስት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ወንበር ሳበችልኝ።

«ኤልቪዮ ምንም አልነገረዎትም?»

«ምኑን?»

ልጄ፣ አሁን አውቄያለሁ። ሳንድሮን በዲሴምበር መጨረሻ ማዕበል ከመርከቧ ላይ እንደወሰደው፣ እጁን ይዘህ የነበርከው አንተ እንደነበርክ፣ ጓንቱ ብቻ እጅህ ላይ እንደቀረ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ የዓሣ መጋዘኑ አልሞላም ተብሎ አሥራ አንድ ቀን መረብ ስትጎትቱ እንደሰነበታችሁ ነገረችኝ። መሬት እንደረገጥክ መጀመሪያ የሄድከው እሷ ዘንድ ነበር።

«እግሬ ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀኝ» አለችኝ። «ምን በድለህ አልኩት። ደርቆ፣ ዓይኑ ሰርጉዶ ሰው አይመስልም ነበር። እዚህ ትንሽ ጋደም በል ስለው እምቢ አለ። ‹አባባ ቤት እሄዳለሁ፤ እዚያ እንቅልፍ ይወስደኛል› አለኝ።»

ምን ብዬ ከቤቷ እንደወጣሁ አላስታውስም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እናትህ ዴልሚራ ከሞተች ወዲህ ያላለቀስኩትን ለቅሶ አለቀስኩ። ለምን አልነገርከኝም ብዬ እዚህ ላይ ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት። መች የምትነግረኝ ጊዜ ሰጠሁህ? አንተ እንቅልፍ ልትፈልግ እኔ ዘንድ መጣህ፣ እኔ ደግሞ ሰው ሰብስቤ አሳቅሁብህ። አፌን በቆረጠው። ይቅር በለኝ ኤልቪዮ። ይህን ቃል ለሰው ብዬው አላውቅም፣ አጻጻፉም አስቸግሮኛል፤ ግን ከልቤ ነው።

ጎዮ ሰምቷል፣ እኔ ነኝ የነገርኩት። ሦስት ቀን ጠፍቶ ሰነበተና አንድ ጠቦት ጎትቶ መጣ። «ለልጁ ነው» ብሎ አስሮት ሄደ፣ ቡና እንኳ አልጠጣም።

ኖርማ ይህን ደብዳቤ መርከብህ ስትገባ በእጅህ እሰጠዋለሁ ብላኛለች። በወሩ መጨረሻ ነው አሉ። ኖቬምበር አጋማሽ ላይ እኔን ትሬሌው ሆስፒታል ለጥቂት ቀን ሊያስተኙኝ ነው፤ ልብህ እንዳይሸበር፣ ትንሽ ነገር ነው። ብቻ ከዚያ በፊት ብትመጣ ይሻላል። ቤት ካጣኸኝ ቁልፉ ጎዮ ዘንድ አለ።

አጥሩን ሠርቼዋለሁ፣ የምትረዳኝ ነገር የለም። መዘውሩንም ቅባት ቀብቼዋለሁ፣ አይጮህም። አልጋህን ወደ ኋለኛው ክፍል አዙሬዋለሁ፤ እዚያ ነፋሱ አይሰማም፣ ጠዋትም ፀሐይ አትገባም። ስለ ሳንድሮ መንገር ከፈለግህ እሰማሃለሁ፤ ካልፈለግህም አልጠይቅህም።

የባሕሩ ጌታ ይጠብቅህ። የያዝከው ገመድ አይበጠስብህ፣ የቆምክበት አይንሸራተትብህ። ሳንድሮን ነፍሱን ይማርልን፣ ለኖርማም መጽናናቱን ይስጥልን። የእናትህ ጸሎት አይለይህ።

ና ብቻ ልጄ። መጥተህ ተኛ። ሳምንትም ይሁን ወር፣ እስኪበቃህ ድረስ ተኛ፤ እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ማንም እንዳይቀሰቅስህ እጠብቃለሁ።

አባትህ
ኒካሲዮ