ደወል ሳይደወል በር ስለከፈትኩበት ጥፋት

ለተከበሩ የሕክምና ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ትንፋሽዎ ያልተቆራረጠ፣ ግንባርዎም ከላብ የደረቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ አያድርገውና ቢያምዎ ደግሞ፣ በዚያች ሰዓት አጠገብዎ የሚገኘው ሰው ከኮሚቴዎ አባላት አንዱ እንዳይሆን እጸልያለሁ።

ካላስታወሱኝ፣ ተፈታኝ ቁጥር አርባ ሁለት ነኝ። በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ዘጠኝ ዓመት የበሽተኛ አልጋ ስገፋ የኖርኩ፣ ባልደረቦቼ «ዶክተሯ» እያሉ የሚያሾፉብኝ፣ ለፈተናው ለሦስተኛ ጊዜ የቀረብኩ ሰው ነኝ። ደንባችሁ ከሦስት ጊዜ በላይ ስለማይፈቅድ የመጨረሻዬ ነበር። ታላቅ እህቴ ለዚያ ቀን ብላ የራሷን ጫማ አውልቃ ሰጥታኛለች፤ ጠቦኝ ስለነበር ጠዋት ፊቴ ላይ ያያችሁት መኮሳተር ከጫማው እንጂ ከንቀት አልነበረም። ንቀቱ የመጣው በኋላ ነው።

ምስጋናዬን በቁጥር ላስቀምጥ፤ እናንተ ቁጥር ትወዳላችሁና።

፩ኛ) በአንድ ሰዓት ተኩል ድረሱ ብላችሁ እስከ አራት ሰዓት መተላለፊያው ላይ ስላቆማችሁን አመሰግናለሁ።

፪ኛ) ለምን ሐኪም መሆን እንደምፈልግ ስለጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው በር ድረስ እየገፋሁ መመለስ እንደሰለቸኝና ከበሩ ወዲያ ያለውን ማወቅ እንደምፈልግ ተናገርኩ። መነጽር ያደረጉት ፕሮፌሰር መልሴ ከሥራ ልምድ የመነጨ በመሆኑ ሰፋ ያለ አመለካከት እንደሚጎድለው አስረዱኝ፤ ሌላው ፕሮፌሰር ስልካቸውን እየነካኩ ራሳቸውን በመነቅነቅ አጸደቁ።

፫ኛ) ወደ ክፍል አምስት እንሂድ። ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ በዚህ ክፍል ሕመምተኛ መስሎ የሚተውን ሰው ይቀመጣል፣ ተፈታኙ ለስምንት ደቂቃ ያነጋግረዋል፣ ኮሚቴው ከመስታወት ጀርባ ሆኖ ነጥብ ይሰጣል፤ ደወል ሳይደወል በር አይከፈትም። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሕመምተኛው ጉልበቱን ያመዋልና አጽናኑት ይላል። ውስጥ ያገኘኋቸው ለትወናው የተቀጠሩ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል፣ ከንፈራቸው አመድ መስሏል፣ እጃቸውም ጉልበታቸው ላይ ሳይሆን ደረታቸው ላይ ነበር። አባቴ፣ የት ነው የሚያምዎት ብላቸው፣ ምስኪን፣ ወደ መስታወቱ አየት አድርገው ጉልበቴን ነው ልጄ አሉኝ። ወረቀቱ ያዘዛቸውን መናገራቸው ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለ ፊት ስንት ጊዜ ገፍቻለሁ፤ ጉልበቱን ያመመው ሰው እንዲህ አያልበውም።

ወደ መስታወቱ ዞሬ እኚህ ሰው የእውነት ታመዋል አልኩ። በድምፅ ማጉያው የመጣልኝ መልስ ጊዜሽ እየሄደ ነው፣ ወደ ጉልበቱ ተመለሺ የሚል ነበር። ደግሜ ብናገር ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁ። ስለዚህ በሩን ከፈትኩ፣ ከመተላለፊያው ባለ ጎማ ወንበር ጎተትኩ፣ ሰውየውን አስቀምጬ ግቢውን አቋርጬ ወደምሠራበት ድንገተኛ ክፍል በሩጫ ገፋኋቸው። ተረኛው ሐኪም ልባቸው መሆኑን ለማወቅ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። አላስሮጥ ብሎኝ በመንገድ ካወለቅኩት የእህቴ ጫማ አንደኛው እግር ከግቢያችሁ ቀርቷል፤ ካገኛችሁት ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

፬ኛ) ከሦስት ሳምንት በኋላ ለደረሰኝ ውጤት አመሰግናለሁ። ክፍል አምስት፣ ዜሮ፤ በዚህም ወድቃለች። ምክንያት፦ ደወል ሳይደወል በር ከፍታለች፣ ስሟን አላስተዋወቀችም፣ ለሕመምተኛው ስሜት ትኩረት አልሰጠችም። አቤቱታ ይዤ ስመጣ ጸሐፊዎ፣ ከቢሮው ሰው የሆነ ካለ እሳቸው ናቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ኮሚቴው የሰውየውን መታመም እንደተቀበለ፣ ነገር ግን ቅጹ ላይ ይህ የሚሞላበት ቦታ እንደሌለ ነገሩኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እናንተ ዘንድ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተዋል።

ተናድጃለሁ፣ አልደብቅም። ሐኪም ሳልሆን መቅረቴ ነው፣ ያንገበግበኛል። እህቴ እስካሁን ለጎረቤት ውጤት ገና ነው እያለች ትዋሻለች። እኔም ነገ ጠዋት እንደ ወትሮው አልጋ እገፋለሁ፤ ለዚያ ደወል አያስፈልገኝም።

እናንተ አጣርታችሁ በምታሳልፏቸው፣ ሰው ዓይናቸው እያየ ሲወድቅ ስምንቱ ደቂቃ እስኪያልቅ በጨዋነት በሚጠብቁ ሐኪሞች እጅ እንዳልወድቅ ፈጣሪዬን እየተማጸንኩ፣ ለዕውቀታችሁ ስፋትና ለመስታወታችሁ ውፍረት ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣

ተፈታኝ ቁጥር አርባ ሁለት
የድንገተኛ ክፍል አልጋ ገፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሹፌሩ ድነዋል፤ ከሆስፒታል ሲወጡም እስከ በሩ የገፋኋቸው እኔ ነኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እሳቸውን አይመለከትም፤ በሩ ድረስ ስገፋቸው እንዳጫወቱኝ፣ እኔ ከመግባቴ በፊት፣ በእረፍት ሰዓት፣ ደረቴን እያፈነኝ ነው ብለው ለእርስዎ ለራስዎ ነግረውዎት ነበርና። እርስዎም ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው፣ ትወናዎ ግሩም ነው፣ ነገር ግን ሕመሙ ጉልበት ላይ መሆኑን አይርሱ ብለዋቸዋል።