የረጅሙ መለሰኛ መርዶ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ልብህን ያዝ። ከባድ መርዶ ነው። የዚህ ቤት ልጅ ክብር ዛሬ አፈር በላ።

አጎቴ ግድግዳ የምንለስንባቸውን ሦስት መለሰኞች ጆንያ ላይ ደረደረና "ምረጥ" አለኝ። ረጅሙን አነሳሁ። ክንድ ያህላል፤ ሲያዩት ያስፈራል። ሳቀ! እሱ የሚስቀው በዓመት አንዴ ነው... የዘንድሮውን በእኔ ጨረሰው።

"ጋሼ፣ ምን ያስቃል?"

"ምንም። ከእህትህ ክፍል በበሩና በመስኮቱ መካከል ያለችውን ቁራጭ ግድግዳ ለስን። ካማረች ክፍሉ ያንተ ነው። ካላማረች ወደ ሲሚንቶ ማቡካትህ።"

እትዬ ልትወልድ ደርሳለች። ክፍሏን የምለስነው እኔ ነኝ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ለፍፌያለሁ። ተመልሼ ባቦካ... ፊቴን የት አደርሰዋለሁ?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ለሰንኩ። የረጅሙ መለሰኛ ብረት ሲሄድ መስኮቱን ይገጫል፣ ሲመለስ በሩን። መሃሉን ሳቃና ዳሩ ይቦጨቃል።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ መስኮቱን በጆንያ ጋረደና አምፖሉን ከግድግዳው ጎን አስጠጋ። ወይ ጉድ! ፊት ለፊት ሰላም የነበረው ግድግዳ ከጎን ሲበራበት እብጠት በእብጠት።

እትዬ ሆዷን ደግፋ፦ "ይሄ ግድግዳ ነው ማዕበል? ልጄ ዋና ሳይለምድ እዚህ አይገባም!"

አጎቴ፦ "ሳይደርቅ አውርደው።"

አወረድኩ። አንድ ዕድል ለመንኩ። "አንድ" አለ። ጥፋቱ የብረቱ ነው ወይስ የኔ?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

በቀል! ጠዋት የቤቱን ትናንሽ ቢላዎች በሙሉ ደበቅኋቸው። ለእትዬ የቀረላት የሽንኩርት መክተፊያው ሰይፍ ብቻ። በሱ ዳቦዋ ላይ ማርማላታ መቀባት ጀመረች... መሃሉን ስትቀባ ጫፉ ዳሩን ይገፈዋል። ዳቦው ተቀደደ። ማርማላታው ሆዷ ላይ ዱብ!

"ልጁን ቀባሽው!" ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ።

"አንተ መዓት! ለዚች ቁራሽ ይሄን ማጭድ ትሰጠኛለህ?"

ብድግ አልኩ። ቁራሽ... ማጭድ... የኔ ግድግዳ! ጫማዬን ሳላስር ሮጥኩ። (ቢላዎቹን አልመለስኩም። ሥራ ይቀድማል።)

መካከለኛውን መለሰኛ ያዝኩ። ከበር እስከ መስኮት ሽው... ማንንም አይገጭም። ጥጉን በትንሹ ጠረግሁ። ሳላውቀው አፏጫለሁ። አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ አየኝና ሄደ። ተቆጥቶ ይሆን?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ጆንያው ተጋረደ። አምፖሉ ከላይ ወደ ታች ወረደ። እብጠት የለም! ጉድጓድ የለም! ታች ሲደርስ ግን ቆመ...

ወይኔ። ትናንት ሳይደርቅ በትንሹ መለሰኛ ጫፍ የአጎቴን ፊት ስዬ ነበር፣ የግንባሩ መኮሳተር ሳይቀር። አልጋው ይሸፍነዋል ብዬ እኮ ነው!

"ይሄ እኔ ነኝ?"

"ኧረ ጋሼ... ጥላ ነው።"

እትዬ ከንፈሯን ነክሳ ጣራ ጣራውን ታያለች። እሱ ቁጢጥ አለ። ከኪሱ ምስማር አወጣ። ሊፍቀው ነው ስል... ጢም ጨመረለት!

"ጢሜን ረስተሃል" አለና የከርሞውን ሳቅ አስቀድሞ ሳቀ። "ቀሪዎቹን ነገ ጀምር። ሰፊው ግድግዳ ላይ ይሄን ያዝ።"

ረጅሙን! በገዛ እጁ!

እሑድ፣ ሚያዝያ 12

ክፍሉ አለቀ። እትዬ በመዳፏ እየዳበሰች ዞረችው። "ወንድምዬ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው" አለች። ማን ለሰነው? እኔ!

ቢላዎቹን መለስኩ። አንዷን የት እንደደበቅኋት ግን እኔም ጠፋኝ...

ሁለቱን መለሰኞች አጥቤ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። ረጅሙና መካከለኛው። ያ ሁሉ መርዶ፣ ያ ሁሉ የክብር ውርደት... ልዩነታቸው አራት ጣት ነው። ደግሜ ለካሁ። አራት ጣት። ያውም በኔ ቀጫጫ ጣት።