የሲኒማው አንድምታ

ሐሙስ፣ ገብርኤል

ዛሬም ከአባባ ጋር ያለ ቃል ራት በላን። ቅኔ ቤቱን ትቼ አስኳላ ከገባሁ ወዲህ ስሜን ጠርቶ አያውቅም። ሲፈልገኝ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እኔም እሄዳለሁ። እማዬ ብትኖር መካከል ሆና ታናግረን ነበር። እሷ ደግሞ እህቷ ወልዳ መካነ ብርሃን ሄደች፣ ወንዙ ሞልቶ እዚያው ቀረች። ጓደኛዬ ሞላም ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዲ አርቃይ ወላጆቹ ዘንድ ወረደ። ሌላ ጓደኛ የለኝም። ምን አለኝ? ዝናብ አለኝ። ቁርጭምጭሚቴን ጥሎ የሸሸ ሱሪ አለኝ። አንዴ በሬ አንዴ ጫጩት የሚሆን ድምፅ አለኝ።

ዓርብ

ዝም ብዬ ፒያሳ ስዞር የሲኒማ ቤቱ ኃላፊ አቶ መኮንን ጠራኝ። ፊት ቆሞ ፊልሙን በአማርኛ ለሕዝቡ የሚያስረዳውን ሰውዬ ወባ ጥሎታል።

«አስኳላ ተማሪ አይደለህ? እንግሊዝኛ ትሰማ የለ?»

«በደንብ!» አልኩት። ምን ነካኝ! የምሰማው «ተቀመጥ» እና «ተነሥ» ብቻ ነው። ግን ሰው ጠርቶ ካናገረኝ ቆየ፣ ነገ ተካው ሲለኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። አባባ ከሰማ አለቀልኝ። ሲኒማ ለእሱ የሰይጣን ቤት ነው።

ቅዳሜ፣ ማርያም

ጉድ ሆንኩ!

ፊልሙ ስለ አንድ የፈረንጅ ልጅ ነው። እንደኔ ቀጫጫ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው የማያውቅ። ክረምቱን ሐይቅ ዳር ከአጎቱ ጋር ነው የሚያሳልፈው። ገና «ክረምት ነው» ስል ከኋላ አንዱ «ምነው ታዲያ ፀሐይ ወጣ?» ብሎ ጮኸ። ሁሉም አፈጠጠብኝ። ላብ አጠመቀኝ። እንግሊዝኛውም ጠፋኝ፣ መቼ ነበረና! አፌ ከልጅነቱ የለመደውን አመጣ፦ አባባ መጽሐፍ ሲተረጉም «አንድም» እያለ ፍቺ በፍቺ ላይ እንደሚደርበው።

«ክረምት ማለቱ ትምህርት ቤት ቢዘጋ ነው። አንድም የፈረንጅ ዝናብ ከሀብታም ደጅ አይደርስም!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያማ ማን ያቁመኝ! ልጃገረዶች ሲስቁበት ልጁ ሐይቁ ውስጥ ዘሎ ገባና አልወጣም አለ። «ምነው አይወጣም?» አሉኝ። «አንድም ሱሪው ወልቆበት ነው። አንድም ዋናተኛ ለመምሰል ነው!» መሐሉ ላይ ድምፄ ጫጩት ሆነ፣ ለዚያም ሳቁ።

እኔ ግን ከውሃው በላይ የቀረውን ፊቱን አየሁት።

ልጁ ከውሃው ሳይወጣ መብራት ጠፋ፣ ፊልሙም እዚያው ቀረ። ሰዎቹ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ ሁለት ሦስት ሆነው ሄዱ። እኔ ጭቃውን ለብቻዬ ወጣሁት።

እሑድ

ከቅዳሴ ስንወጣ ጎረቤታችን አያ ደስታ እየሳቀ መጣ። «የመሪጌታ ልጅ፣ ትናንት በሳቅ ገደልከን እኮ! አንድምታህ እንዴት ሸጋ ነበር!» ብሎ የሐይቁንም የሱሪውንም አንድ ሳያስቀር ደገመው። አባባ አጠገቤ ቆሟል።

ወይኔ! ዕድሜውን የጨረሰበትን ትምህርት ለፈረንጅ ሱሪ መሳቂያ አደረግሁበት። ቤት እስክንገባ ጉሮሮውን እንኳ አልጠረገም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ራት አልበላሁም።

ሰኞ፣ ጊዮርጊስ

ጓሮ ጌሾው ሥር ተቀምጬ ዋልኩ። ዝናብ መጣ፣ አልተነሣሁም። ልብሴን መጠቅለል፣ ሞላ ዘንድ መውረድ፣ ወንዝ ቢወስደኝም ይውሰደኝ... ይሄን ሁሉ ሳስብ አባባ ጋቢውን ተከናንቦ የጓሮው በር ላይ ቆመ።

«ሁለተኛው አይሄድም» አለ።

ምኑ እንደሆነ አልገባኝም።

«ዋናተኛ መምሰል የሚሻ ልጅ መውጣቱን ያሳያል እንጂ ውሃ ውስጥ አይቀርም። የሱሪው ይሁን፣ ይሄዳል። ሦስተኛውን ግን ትተኸዋል።»

«የቱን አባባ?»

ዝናቡን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድም፣ ና የሚለው ቢያጣ ነው።»



«ይትባረክ» አለኝ። «ና ግባ፣ በሰበስክ እኮ።»

ስሜን ጠራ! ዕንባዬን ዝናቡ ደበቀልኝ።

የሠራሁት ሽሮ ጨው በዝቶበት ነበር፣ ሁለታችንም ጨረስነው። እጁን ሲታጠብ «ያ ልጅ ኋላ ምን ሆነ?» አለኝ። አጎቱ መጥቶ ጠራው፣ ወጣ አልኩት። እውነቱን እንጃ።